ትዝታን በፓይተን፦ ኖታን በኮድ ስለማዘዝ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፒያሳና አራት ኪሎ ላፕቶፕ ከፍቶ ካፌ የሚቀመጥ ሁሉ ኮድ ጸሐፊ ነው ማለት አይቻልም። ኮድ ከሚጽፉት መካከል ግን ክራር ወይም ኪቦርድ የሚነካካ ሞልቷል። ሁለቱን ለማገናኘት ሲነሱ የሚጠይቁት ነገር ደግሞ ይመሳሰላል። እዚህ የሰበሰብኩት እሱን ነው። በአብዛኛው የማወራው ሚዩዚክ21 ስለሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ነው። ፓይተን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው፤ ላይብረሪ ደግሞ ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት፣ ከራሳችሁ ኮድ የምትጠሩት ኮድ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ሲ፣ ዲ፣ ኢ ስል የኖታውን የእንግሊዝኛ ፊደል ማለቴ ነው። በዶ ሬ ሚ ቆጠራ «ሲ» የምትባለዋ እዚህ ቢ ናት። ሲ የምላት ዶን ነው።

ኖታን በኮድ ማዘዝ ምን ይጠቅመኛል? ኪቦርዴ ላይ ትራንስፖዝ የሚል፣ ዜማውን እንዳለ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ አለ እኮ።

ብቻችሁን የምትጫወቱ ከሆነ ቁልፉ ይበቃችኋል። ችግሩ የሚመጣው ባንድ ሲኖር ነው። ዘፋኙ ልምምድ ላይ «ትንሽ ዝቅ አድርጉልኝ» ይላል። ኪቦርዲስቱ ቁልፉን ተጭኖ ይገላገላል። ከወረቀት የሚያነቡት ሳክስፎኒስትና ትራምፔት ነፊ ግን አዲስ ወረቀት ያስፈልጋቸዋል። የሁለቱም ወረቀት ደግሞ ከሚሰማው ድምፅ የተለየ ነው። ለአልቶ ሳክስፎን ከሚሰማው 9 ግማሽ ድምፅ (ኪቦርድ ላይ ከአንድ ቁልፍ ጥቁሩንም ቆጥሮ ቀጥሎ እስካለው ድረስ ያለው ርቀት) ከፍ ተደርጎ ይጻፋል፤ ለቢ ፍላት ትራምፔት 2 ግማሽ ድምፅ።

በኮድ ይህ የሦስት መስመር ሥራ ነው። ዜማውን 3 ግማሽ ድምፅ ዝቅ በል ትሉታላችሁ። ከዚያ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን ወረቀት አውጣ። ዘፋኙ ነገ ሐሳቡን ቢቀይር (ይቀይራል) አንዱን ቁጥር ብቻ አስተካክላችሁ እንደገና ማስኬድ ነው።

ኮምፒዩተሩ ኖታን የሚያውቀው እንዴት ነው?

በቁጥር። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የሚግባቡበት ሚዲ የሚባል ስምምነት አለ። በሱ መሠረት እያንዳንዱ ኖታ ከ0 እስከ 127 ቁጥር ተሰጥቶታል። የፒያኖው መካከለኛ ሲ 60 ነው። አንድ ግማሽ ድምፅ ስትወጡ 1 ትደምራላችሁ፤ አንድ ኦክታቭ (ከአንዷ ሲ እስከ ቀጣይዋ ሲ) ስትወጡ 12።

ባንዶች የሚቃኙበት ኤ ቁጥሩ 69 ነው፤ በሰከንድ 440 ጊዜ ይርገበገባል። እያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ ርግብግቢቱን በ1.0595 ገደማ ያባዛዋል። ከ69 ወደ 60 ዘጠኝ ጊዜ ስታካፍሉ 261.63 ይመጣል። መካከለኛው ሲ ይሄው ነው። የላይብረሪው አስማት የሚመስለው ነገር ሁሉ ከዚህ መደመርና ማባዛት ይነሳል።

የትኛውን ላይብረሪ ልምረጥ?

ኖታ ማጥናት፣ መቀየርና ማተም ከፈለጋችሁ ሚዩዚክ21። በኤም.አይ.ቲ የተጀመረ ነው፤ ነፃ ነው፤ ኖታን የሚያየው እንደ ሙዚቀኛ ነው። ማለትም ሲ ሻርፕ (በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለች ሲ) እና ዲ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለች ዲ) የኪቦርዱ ቁልፋቸው አንድ ቢሆንም ለሱ አንድ አይደሉም።

ከኪቦርድ በገመድ የሚመጣውን የሚዲ መልእክት በቀጥታ መቀበልና መላክ ከሆነ ፍላጎታችሁ ሚዶ ይሻላል። ድረ ገጽ ላይ ድምፅ እንዲሰማ ከሆነ በጃቫስክሪፕት ቶን ጄኤስ አለ፤ የኖታውን ስሌት ደግሞ ቶናል የተባለው ይሠራላችኋል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትጀምሩ።

ቅኝቶቻችንን ላይብረሪው ውስጥ የት አገኛቸዋለሁ?

ከመፈለግ መጻፍ ይፈጥናል። አንድ ቅኝት አምስት ቁጥር ነው። ደስ የሚለው ደግሞ ፓይተን 3 የቫሪያብል ስም በአማርኛ ይቀበላል። ስለዚህ ይህ እንዳለ የሚሠራ ኮድ ነው፦

መነሻ = 60
ትዝታ = [0, 2, 4, 7, 9]
ትዝታ_ማይነር = [0, 2, 3, 7, 8]
ባቲ = [0, 4, 5, 7, 11]
ባቲ_ማይነር = [0, 3, 5, 7, 10]
አምባሰል = [0, 1, 5, 7, 8]
አንቺሆዬ = [0, 1, 5, 6, 9]

ቁጥሮቹ ከመነሻው ኖታ ያለውን ርቀት በግማሽ ድምፅ ይናገራሉ። በእያንዳንዳቸው ላይ 60 ስትደምሩ ቅኝቱ በሲ ይነሳል፤ 62 ስትደምሩ በዲ። ትዝታ በሲ ማለት 60፣ 62፣ 64፣ 67 እና 69 ነው። እነዚህ ኪቦርድ ላይ የሚታወቁት ቅርጾች ናቸው። የክራሩን ጉዳይ ዝቅ ብለን እናየዋለን።

ኮዱን ስጽፍ «የማይታወቅ ፊደል» የሚል ኤረር ይመጣል። ለምን?

የአማርኛ ኪቦርድ እንደበራ ነጠላ ሰረዙን ጽፋችሁት ነው። ፓይተን ፊደላችንን ለስም ይቀበላል እንጂ «፣» ለሱ ምንም ማለት አይደለም። የግዕዝ ቁጥርም እንዲሁ፤ ፲፪ ብላችሁ አንድ ኦክታቭ መውጣት አይቻልም። ስሙን ጽፋችሁ ስትጨርሱ ኪቦርዱን መልሱት።

የዘፈኑን ኖታ ሰጥቼው ቅኝቱን እንዲነግረኝ ማድረግ እችላለሁ?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው ይሄንን ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው።

ሚዩዚክ21 የዜማን ኪይ (መነሻ ኖታውንና የስኬሉን ዓይነት) የሚገምት ትእዛዝ አለው። የሚያውቀው ግን የፈረንጁን ሜጀርና ማይነር ነው። አምባሰል ስጡት፣ አንቺ ሆዬ ስጡት፣ ከ24ቱ ኪዮች አንዱን መርጦ ይነግራችኋል። መልሱ በልበ ሙሉነት ስለሚመጣ ያሳስታል። ለዚህ ሥራ አትጠቀሙበት።

ስለዚህ የራሳችሁን ትጽፋላችሁ። የሚታሰበው መንገድ ቀላል ነው። የዘፈኑን ኖታዎች ለ12 አካፍላችሁ ቀሪውን ትይዛላችሁ፤ ኦክታቩ ይጠፋና አምስት ቁጥር ይቀራል። ከዚያ ከላይ ካሉት ዝርዝሮች ጋር ታመሳክራላችሁ። ለባቲ ሜጀርና ለአንቺ ሆዬ ይሠራል። ለሌሎቹ አይሠራም።

ምክንያቱን በቁጥር እንየው። ትዝታ ሜጀር ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። አሁን ባቲ ማይነርን ከኤ አስነሱት፤ ከ57 ማለት ነው። 57፣ 60፣ 62፣ 64፣ 67 ይሆናል። ስማቸውን ስታነቡት ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ። ያው አምስቱ ናቸው! አንዲት ኖታ እንኳ አልተለወጠችም።

በዚህ አያበቃም። ትዝታ ማይነር በሲ፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። አምባሰል በጂ፦ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት። እነዚህም አንድ ናቸው። ኮዳችሁ ስህተት የለበትም፤ የጠየቃችሁት ጥያቄ ነው የጎደለው። ቅኝት የኖታዎች ስብስብ ብቻ አይደለም። ዜማው ቤቴ ብሎ የሚመለስበት ኖታ አለው። አምባሰል የሚዘፍን ሰውና ትዝታ የሚዘፍን ሰው በአንድ ሰፈር ይመላለሳሉ፣ የሚገቡበት በር ግን ይለያያል።

ታዲያ ማረፊያውን ኮዱ እንዴት ያግኘው? ሁለት ምልክቶች ይረዳሉ። አንደኛው እያንዳንዱ ኖታ በጠቅላላው ምን ያህል ጊዜ እንደተያዘ መደመር ነው። ስንት ጊዜ እንደተመታ አትቁጠሩ፤ ርዝመቱን ደምሩ። ሁለተኛው የእያንዳንዱ ሐረግ የመጨረሻ ኖታ ነው። ስንኙ የሚያልቅበት ኖታ ብዙውን ጊዜ እውነቱን ይናገራል። ሁለቱ ከተስማሙ መልሱን እመኑት። ካልተስማሙ ሰው ጠይቁ። ክራር የሚጫወት ጓደኛ አጠገባችሁ ካለ ፕሮግራሙ ተነስቶ ሳይጨርስ እሱ መልሱን ይነግራችኋል።

ቁጥር ሰጥቼው ኖታ ሲያትምልኝ ወረቀቱ ለማንበብ ያስቸግራል። ምን አጠፋሁ?

ቁጥር ብቻ ስለሰጣችሁት ነው። 61 ሲ ሻርፕም ዲ ፍላትም ሊሆን ይችላል። ላይብረሪው ካልነገራችሁት ሲ ሻርፕ ብሎ ይገምታል። 66ን ኤፍ ሻርፕ፣ 68ን ጂ ሻርፕ ይላል። 63ን ደግሞ ኢ ፍላት።

አንቺ ሆዬን በሲ በቁጥር ስጡት፤ የሚያትመው ሲ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኤፍ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ ነው። ሁለት ሲ፣ ሁለት ኤፍ። ድምፁ ትክክል ነው፤ ለአንባቢው ግን መከራ ነው። መሆን ያለበት ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። ስለዚህ ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ በቁጥር ሥሩ። ሰው የሚያነበው ወረቀት ከሆነ በስም ጻፉ። ወይም ከቁጥሩ ጎን የስም ዝርዝር ይኑራችሁ።

ፍላትን እንዴት ነው የምጽፈው?

በመቀነስ ምልክት። ትንሿ ቢ የፍላት ምልክት ብትመስልም የኖታ ስምም ስለሆነች ግራ ታጋባለች። ከሰረዙ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ኦክታቩ ነው። ቢ-2 ማለት በሁለተኛው ኦክታቭ ያለች ቢ ፍላት እንጂ «ከዜሮ በታች ሁለት» አይደለም።

የማሲንቆና የክራር ድምፅ ከፒያኖው ጋር አይገጥምም። ኮዱ ይህን ይችለዋል?

ይችለዋል፤ ግን ትንሽ ሥራ አለው።

ፒያኖው ኦክታቩን ለ12 እኩል ቦታ ይከፍላል። እያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ ደግሞ በ100 ሴንት ይከፈላል። የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን የሚያሳርፍበትን የሚወስንለት ቁልፍም ፍሬትም የለም፤ ጆሮው ነው። ክራርም ቢሆን የሚቃኘው ለዘፋኙ ድምፅ እንዲመች ነው፤ 440 ላይ ቁጭ ይላል ብላችሁ አትጠብቁ። ስለዚህ መጀመሪያ መነሻውን ለኩ፤ የስልክ ቲዩነር ይበቃል። ከዚያ የቀሩትን ክሮች ከመነሻው ያላቸውን ርቀት በሴንት መዝግቡ። ከቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ ሱቆች የተገዛ ክራር ይዛችሁ ከሆነ አንድ ምክር አለኝ። ከእነዚህ መካከል ለግድግዳ ጌጥ የተሠሩም አሉ፤ ቅኝቱን ይዞ ካልቆየ ልኬታችሁ ዋጋ የለውም።

ሚዩዚክ21 ላይ ለአንድ ኖታ «20 ሴንት ዝቅ በል» ማለት ትችላላችሁ። ወደ ሚዲ ሲሄድ ግን ነገሩ ወደ ፒች ቤንድ ይለወጣል። ሚዲ በ60 እና በ61 መካከል ቁጥር የለውማ! ፒች ቤንድ በተለመደው አሠራር ሁለት ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ፣ ሁለት ወደ ታች ይጎትታል። በአንዱ አቅጣጫ ያለው 200 ሴንት ለ8192 ደረጃ ተከፍሏል። 20 ሴንት ዝቅ ለማለት 819 ገደማ ትቀንሳላችሁ።

ወጥመዱ እዚህ ነው። ፒች ቤንድ የሚጎትተው አንዷን ኖታ ሳይሆን ቻናሉን (ኖታዎቹ የሚላኩበትን መስመር) በሙሉ ነው። ሁለት ክሮች አብረው ሲሰሙ አንዱን ብታስተካክሉ ሌላውም ይንሸራተታል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ክር የራሱን ቻናል መስጠት ነው። ሚዲ 16 ቻናል አለው፤ አሥረኛው በልማድ የከበሮ ነው። አምስትም ሆነ ስድስት ክር ያለው ክራር በደንብ ይበቃዋል። አሥር ክር ያለው በገናም ይገባል።

ችክችካን እንዴት ልጻፍ?

በ6/8። ሚዩዚክ21 ርዝመትን የሚለካው በሩብ ኖታ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ግር ይላል። አንዷ ስምንተኛ ኖታ 0.5 ናት፤ ነጥብ ያላት ሩብ 1.5፤ ሙሉው ባር (አንዱ የ6/8 ዙር) 3። ስድስቱን ስምንተኞች ሦስት ሦስት አድርጋችሁ አስቧቸው።

ኮዱ ሁሉንም እኩል ሲመታ ግን ችክችካ አይመስልም። ከበሮ መቺው የትኛውን እንደሚያጠብቅና የትኛውን እንደሚያላላ አዳምጡና የእያንዳንዷን ጉልበት ለየብቻ ስጡ። ጉልበትም በሚዲ እስከ 127 የሚሄድ ቁጥር ነው። ለጭፈራ የሚሆን ነገር ከፈለጋችሁ ከኖታው ይልቅ እዚህ ላይ ጊዜ አጥፉ።

የቅዱስ ያሬድን ዜማ በዚህ መጻፍ ይቻላል?

ምልክቶቹን እንደ ጽሑፍ፣ አዎ። እንደ ድምፅ፣ በቀጥታ አይቻልም።

ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፤ እነዚህ ምልክቶች እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ዩኒኮድ 4.1 ውስጥ ቦታ አግኝተዋል። ስለዚህ ፓይተን እንደማንኛውም ፊደል ያነባቸዋል። ስንት ጊዜ እንደመጡ መቁጠር፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚከተል ማየት ይቻላል። ይህ ራሱ ትልቅ ጥናት ነው።

ድፋት ስንት ቁጥር ነው ካላችሁ ግን መልስ የለውም። ምልክቱ ድምፁ እንዴት እንደሚሄድ ያሳያል እንጂ እንደ ፈረንጁ ኖታ አንድ ቋሚ ድምፅን አይሰይምም። አካሄዱም ዜማው ግዕዝ፣ ዕዝል ወይም ዓራራይ በመሆኑ ይለያያል። የሚያውቀው ደግሞ ለዓመታት ከመምህሩ እግር ሥር ቁጭ ብሎ የተማረው ነው። ይህን መስክ የምትሞክሩ ከሆነ መሪጌታ ሳትይዙ ላይብረሪ አትክፈቱ።

ከኤምፒ3 ኖታ ያወጣልኛል?

ሚዩዚክ21 ለዚህ የተሠራ አይደለም። እሱ የሚሠራው ተጽፎ ባለቀ ኖታ ላይ ነው። ከድምፅ ለመነሳት ሊብሮሳን ወይም ቤዚክ ፒች የተባለውን ሞክሩ። ብቻውን የተቀዳ ዋሽንት ወይም ማሲንቆ ጥሩ ውጤት ይሰጣል። ሙሉ ባንድ የሚጫወትበት የድሮ ካሴት ግን ጽዳቱ ከኮዱ በላይ ያደክማችኋል።

ኮዱ ዜማ ይደርስልኛል?

ከአምስቱ ቁጥሮች በዘፈቀደ እያነሳ እንዲጫወት ማድረግ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ቅኝቱ ይታወቃል፤ ዜማ ግን አይባልም፤ ጣት እንደሚያሟሙቅ ጀማሪ ነው የሚመስለው። በየሐረጉ መጨረሻ ወደ ማረፊያው ይመለስ የሚል ሕግ ብትጨምሩ ብዙ ይሻሻላል። እኔ ይህን የምጠቀምበት ለጆሮ ልምምድ ነው። ኮዱ ከስድስቱ አንዱን መርጦ ይጫወታል፤ እኔ እገምታለሁ።

መብራትና ኢንተርኔት ሳይኖር ይሠራል?

አንዴ ኢንስቶል ከተደረገ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ላይብረሪው የባኅን ኮራሎች ጨምሮ ብዙ የተዘጋጀ ኖታ ይዞ ስለሚመጣ ሲወርድ ከበድ ይላል። ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዱት፤ የሞባይል ዳታችሁን አትጨርሱበት። ለመብራቱ ግን ላይብረሪ የለም።

የታወቀ ዘፈን ቀይሬ ባሳትመው ችግር አለው?

ለራሳችሁ ለመማር ከሆነ ማንም አይጠይቃችሁም። ወደ ሕዝብ ስታወጡት ግን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። የሰውን ሥራ አቀናብሮ መቀየርም ፈቃድ ይጠይቃል። ትራንስፖዝ ስላደረጋችሁት የእናንተ አይሆንም።

የሠራሁትን ኖታ እንዴት ላሳትም?

ሚዩዝስኮር የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑ። ሚዩዚክ21 ኖታውን በእሱ በኩል ሥሎ ያሳያችኋል። ባንዱ ውስጥ ሌላ ፕሮግራም የሚጠቀም ካለ ሚዩዚክ ኤክስኤምኤል አድርጋችሁ ላኩለት፤ አብዛኞቹ ያነቡታል።

ፎቶ ኮፒ ቤት ስትሄዱ ግን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ውሰዱ። እዚያ ያለው ኮምፒዩተር የኖታ ፋይል የሚከፍት ፕሮግራም አይኖረውም፤ ወረፋ የያዘው ተማሪም ኢንስቶል እስክታደርጉ አይጠብቃችሁም። የሳክስፎኑንና የትራምፔቱን ወረቀት በየፋይሉ ስም ለዩት፤ አንድ ላይ ከታተሙ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ።